ከጡቢቱ ቅጥር ውጭ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፊቱ ላይ ብጉር የወጣበት ሰው ጉርድ ፎቶ ሲፈልግ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሌሎቹ ፎቶ ቤቶች ያለውን ያነሣሉ፤ እኔ የሚገባውን አነሣለሁ። ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የተጣመመ ኮሌታ አቃናለሁ። ለአንድ አስተማሪማ የጎደለ የፊት ጥርሱን ሞልቼለት፣ ሚስቱ ፎቶውን አይታ «ይኼን ሰውዬ የት አገኘሽው? ብታመጪልኝስ» ብላኛለች። በሥራዬ ኩራተኛ መሆኔን አልደብቅም፤ ሰው በሙያው ካልኮራ በምን ሊኮራ ነው? አሁን የማወራው ግን ይኸው ኩራቴ ስላመጣብኝ ጣጣ ነው።

ጣጣው የመጣው በነጠላ ተጠቅልሎ ነው። አምባሰል ካለው የአባቴ መንደር የቤተ ክርስቲያናችን ቄሰ ገበዝ፣ የደብሩን ዕቃ ሁሉ ቆልፈው የሚጠብቁት አዛውንት ቄስ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ ገብተው ደንበኞቼ ፎቶ የሚነሡበት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። መቋሚያቸውን ከካሜራዬ እግር ጋር አስደግፈው ከብብታቸው አንድ ጥቅል አወጡ። ነጠላውን ሲፈቱት ሌላ ነጠላ አለ። እሱን ሲፈቱት ጋዜጣ። ጋዜጣው ውስጥ ደግሞ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ፣ ዳር ዳሩን ብል የቀመሰው ፎቶ።

«ጣሪያው ሊቀየር ዕቃ ቤቱን ስናወጣ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ሥር ተገኘ» አሉኝ። «ጡቢቱ ናት ልጄ፤ ያውም ሙሽራ ሳለች።»

ጡቢቱ የምንላት ቤተ ክርስቲያኗን ነው። የታቦቷ ስም ሌላ ነው፤ ግን በአካባቢው ያለው ደብር ሁሉ በድንጋይ ወይም በጭቃ ሲሠራ የእኛዋ ብቻ በቀይ ጡብ ስለቆመች፣ ሰው በስሟ ሳይሆን በልብሷ ይጠራታል። ጣልያን ከወጣ በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተጋግዞ፣ አፈሩን እዚያው ቆፍሮ፣ ጡቡን እዚያው አቃጥሎ እንደሠራት እየሰማን ነው ያደግነው።

ፎቶውን ማን እንዳነሣው አይታወቅም። ከቤተ ክርስቲያኗ በስተምዕራብ ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ እንዳነሣው ግን ያስታውቃል፤ ቅጥሩን አሻግሮ ግቢውን በሙሉ ይዞታል። ከጀርባው በሐምራዊ እርሳስ የቅዳሴ ቤቷ ዕለት መሆኑ ተጽፎበታል። ጡቢቱ ተመርቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀደሰባት ቀን ማለት ነው። መሐል ላይ እሷ ራሷ፤ አዲሱን ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ነጭ ሆኗል። ከፊቷ ቀሳውስቱ ከነጥላቸው። በግራ፣ በሰሜን በኩል፣ ወንዶቹ፤ በቀኝ፣ በደቡብ በኩል፣ ሴቶቹ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ካሜራውን ያያል። በስተቀኝ ጠርዝ ላይ የደቡቡ በር አለ፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ አንድ ወይራ፣ ከወይራው ሥር እርጥበት የበላው የሚመስል ጥቁር ጥቁር ነገር።

«በትልቁ አድርገሽ ባነር ሥሪልን፤ ለንግሧ በሩ ላይ እንሰቅላታለን» አሉ ቄሰ ገበዙ። «እስከዚያ ትንሽ እጠቢያት።»

እኔ ትንሽ ማጠብ አላውቅበትም። ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሬ ከገለበጥኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ አጠብኳት። የእጥፋቱን መስመር አጠፋሁ። የዝንብ ኩሱን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ወይራው ሥር ያለውን ጥቁር ነገርማ አልማርኩትም፤ ከአጠገቡ ንጹሕ ሣር ቀድቼ ለጠፍኩበት፣ ቅጥሩንም ድንጋይ በድንጋይ ጨረስኩለት። ሣሩ ከእውነተኛው ይልቅ አማረ። ከዚያ መብራት እንደ ልማዷ እልም ሳትል ብዬ፣ በድሮው ፋይል ላይ ደርቤ ቶሎ አስቀመጥኩት። ሌላ ቅጂ ማስቀረት የፈሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለናሙና አንድ አትሜ ለቄሰ ገበዙ ስሰጣቸው በእጃቸው ሳይነኩ ተሳለሙት፤ አሮጌውን በሁለቱ ነጠላ መልሰው ጠቅልለው፣ ዕድሜ ይስጥሽ ብለውኝ ሄዱ።

ያን ሰሞን አክስቴ እኔ ጋ ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እታለም እላታለሁ። ሰማንያውን ተሻግራለች። ደሴ ወስጄ የቀኝ ዓይኗን ሞራ አስገፍፌላት፣ በቀን አራት ጊዜ ጠብታ እያደረግኩላት ቤቴ አስቀምጫት ነበር። ዓይኗ ከተገለጠ ጀምሮ ቤቴ ሰላም አጣ። የጣሪያውን ድር አየች፣ የድስቶቼን ጥላሸት አየች፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔን ራሴን ትክ ብላ አይታ «አንቺም አርጅተሽ የለ እንዴ፤ ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች።

የጡቢቱ ፎቶ መገኘቱን ስነግራት ግን ተረቡን ተወችው።

«የቅዳሴ ቤቷ ዕለት ነው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያ እናቴ አለችበት።»

የእታለም እናት የእኔ አያት መሆኗ ነው። አባቴን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ እታለም ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ፎቶ የላት፣ የሚያስታውሳት ሰው የለ። ሎጋ ነበረች ይላሉ፤ ሌላ ምንም አናውቅም። እታለምን ያሳደገቻት የእንጀራ እናቷ ነች፤ ሴትዮዋ በተናደደች ቁጥር «እናትሽማ እንኳን ሌላ ጊዜ፣ የጡቢቱ ቅዳሴ ቤት ለት እንኳ ደብር አልረገጠችም» ትላት ነበር። እታለም ይቺን ነገር ለማንም አትናገርም። ለእኔ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስትነግረኝም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። የምትናገረው ሌላውን ነው፤ «የጡቢቱ የመጀመሪያ ተጠማቂ እኔ ነኝ፤ ቅዳሴ ቤቷ በተከበረ በሳምንቱ ነው ክርስትና የተነሣሁት» የሚለውን። እሱንማ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እስኪሰለቸው ሰምቶታል።

በማግስቱ ሱቄ ወሰድኳት። በርጩማው ላይ አስቀምጬ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙሬ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያጎላሁ አሳየኋት። መጀመሪያ ፊት ለፊት የቆመችውን ደልደል ያለች፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት ሴት አየችና «ይቺ ትሆን?» አለች። ሴትዮዋ አጠር ያለች ነበረች። ከራሷ ቁመት በላይ ነጠላዋ ነው የሚታየው።

«ሎጋ ነበረች አላልሽም?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ቀይሪው።»

ቀየርኩ። እናቷ ማን እንደሆነች አታውቅም፤ ማን እንዳልሆነች ግን በሚገርም እርግጠኝነት ታውቃለች። «አይደለችም።» «ይቺም አይደለችም።» «ይቺን ጥርሷን እያት፤ ይኼ የእኛ ቤት ጥርስ ነው?» ሃያ ምናምን ሴቶች አለፉ። ረጃጅሞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ሽማግሌ ናት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ የአሁኑ ቄሰ ገበዝ አያት መሆኗን እታለም ራሷ በአፍንጫዋ አወቀቻት። የመጨረሻዋንም ሴት አሳየኋት። ከዚያ ወዲያ የማጎላው ሌላ ሰው አልነበረኝም።

«የለችም» አለች። «እውነቷን ነበር እንግዲህ።»

የእንጀራ እናቷን እንደሆነ ገባኝ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ውሸት ነው እያለች የኖረችውን፣ እኔ ባስገፈፍኩላት ዓይን አይታ አመነችው። ጠብታውን የማደርግበት ሰዓት ስለነበር ቀና በይ አልኳት። ያን ቀን ከጠብታው በላይ ብዙ ውሃ ከዓይኗ ወረደ፤ እኔም መድኃኒቱ ነው እያልኩ ጠረግኩላት። 

ሱቄ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ያላቸው ሙስሊም ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የተወለዱት ከጡቢቱ ሥር ካለው መንደር ነው፤ የባነሩን ጠርዝ የሚሰፉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ሥራውን ሊያዩ ገቡ። እታለም በርጩማው ላይ ተኮራምታ እንዳለች እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉና ሳቅ አሉ።

«ያረቢ፣ ይቺ ጥቁር መስመር እዚህም ላይ ወጥታለች?»

ከጡቢቱ ግድግዳ ግርጌ ዙሪያውን የሚሄድ የጠቆረ የጡብ መስመር አለ። መብረቅ መትቷት ሳይበግራት የቀረ ምልክት ነው እየተባለ ሲሰበክ ነው ያደግኩት፤ ልጅ ሆኜ እጄን አሳርፌበት ተሳልሜዋለሁ።

«የመብረቁ ነው» አልኳቸው።

«መብረቅ አይደለም እቱ፤ አባቴ ነው። ጡቡን ያቃጠለው እሱ አይደል? የመጀመሪያው ምድጃ እሳቱ በዛበትና ጠቆረ። መጣሉ ነውር ሆነና ከሥር ይግባ ተባለ። እስኪሞት ድረስ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። ኋላ ሰው መብረቅ መታት ሲል ሲሰማ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ ይል ነበር።»

ፎቶው የቅዳሴ ቤቷ ዕለት ነው፤ መስመሩ በዚያው ዕለት አለ። መብረቋን እንግዲህ እዚያው ቀበርናት። አጎንብሳ የነበረችው እታለም ሳትቀር ፈገግ አለች። ከዚያ ጋሼ ጣታቸውን ወደ ወይራው አስጠግተው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«አባቴንስ የት አደረግሽው?»

«ከወንዶቹ መሐል ይፈልጉዋ።»

«እዚያ ምን ሊሠራ? ውስጥ አልገቡምኮ። ከደቡቡ በር ውጭ፣ ወይራው ሥር፣ ሦስት ጡብ ሠሪዎች ሆነው፣ ጥምጥማቸውን አድርገው ቆመው እንዳዩ ነው የነገረኝ። ፎቶ አንሺው ሲያነሣቸውም አይቷል። ኋላም ሙስሊም ያረደው ለብቻ ተሠርቶላቸው እዚያው በልተዋል። ወይራው ይኸው፤ ሰዎቹ የታሉ?»

«ሣር ነው ያለው» አልኩ። ድምፄ ራሱ አሳበቀብኝ።

ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተጣፈ ነገር ያውቃሉ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ይኼ ሣር ከወዲያኛው ሣር ጋር መንታ ነው» አሉ።

ፋይሉን ብከፍት፣ ብዘጋ፣ ብፈልግ ዋጋ የለውም፤ ደርቤበታለሁ። ለሃያ ዓመት የሰው ጠባሳ ሳጠፋ ኖሬ ሰው ማጥፋቴን ያን ቀን አወቅኩ። ለእታለም «ሰዎች አጥፍቻለሁ» ብዬ ስናዘዝላት «ስንት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ፊቷ ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ነገር አየሁ። እናቷን ከወንድ ጡብ ሠሪዎች መሐል አገኛታለሁ ብላ እንዳልጠበቀች ግልጽ ነው፤ ብቻ ፎቶው እኔ ያሳየኋትን ያህል ብቻ አለመሆኑ ልቧን ሳያነሣሣው አልቀረም። «ዋናውን ሄደን እንይ» አለች። ጋሼም የስፌት መኪናቸውን በላስቲክ ሸፈኑ፤ «የአባቴን ጥምጥም ሳላይ ባነር አልሰፋም» አሉ።

በማግስቱ ሦስታችን በሚኒባስ ውጫሌ፣ ከውጫሌ በባጃጅ እስከ ዳገቱ ሥር፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ለጎረምሳ ግማሽ ሰዓት የሚሆን መንገድ ነው፤ እኛ ግን አንዳችን አዲስ ዓይን፣ አንዳችን አሮጌ ጉልበት ስለያዝን ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እታለም ያየችውን ሁሉ ትተቻለች። የእከሌ እርከን ተንዷል፣ የእነ እከሌ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ያቺ ላም ከሳች። ጋሼ ከኋላ ሆነው «ዓይን ባያበሩልሽ ይሻል ነበር» ይሏታል። ጡቢቱ ጋ ስንደርስ እታለም እግሯ ዝሎ፣ በደቡቡ በር ሳትገባ ከበሩ ውጭ ወይራው ሥር ዘፍ አለች። ጋሼ አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ ቄሰ ገበዙን ልጠራ ገባሁ።

ቄሰ ገበዙ በደስታ ተቀበሉኝ፤ የጠየቅኳቸውን ሲሰሙም ደስታቸው አልቀነሰም። ከዕቃ ቤት አንድ መስተዋት ያለው ክፈፍ ይዘው ወጡ። «ይኸው፤ ከብል እንድትድን ክፈፍ ገዝቼ አስገባኋት» አሉ። አየሁ። ጡቢቱ አለች፣ ቀሳውስቱ አሉ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም አሉ። ፎቶው የደቡቡ በር ጋ ሲደርስ ያልቃል።

«መምሬ፣ ወይራው የታለ?»

«ክፈፉ ጠበበና በመቀስ ጠርዙን ቀነስኩት።»

«ለምን በዚያ በኩል?»

«በዚያ በኩል ምንም የለማ። አንቺው አይደለሽ አጥበሽ ያሳየሽኝ? ሣርና ግንብ ነው።»

 ቁራጩን የት እንዳደረጉት ስጠይቃቸው ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ወረቀት አልጥልም እኔ» አሉ። ዕቃ ቤት ገብተው ፈለጉ። ወጡ። ኪሳቸውን ፈተሹ። እኔ ግንባሬን የጡቢቱ ጥቁር መስመር ላይ ልገጨው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ተስፋ ቆርጠን፣ ወይራው ሥር ያሉትን ሁለት ሽማግሌዎች እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ አብረን ወጣን።

እታለም የቄሰ ገበዙን መስቀል ተሳለመች። ቁራጩ መጥፋቱን ሲነግሯት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ወደ በሩ ማየት ጀመረች። ቄሰ ገበዙም ቄስ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ፤ በትከሻቸው ካንጠለጠሉት የቆዳ ማኅደር ዳዊታቸውን አውጥተው፣ ትናንት ያቆሙበትን ገጽ ሊከፍቱ ምልክቱን ሳቡ።

ምልክቱ የጣት ያህል ስፋት ያለው ወፍራም ወረቀት ነበር። አንድ ጎኑ በመቀስ የተቆረጠ፣ ሌላ ጎኑ ብል የቀመሰው።

ማን ቀድሞ እንደነጠቃቸው አላስታውስም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስልኬን አውጥቼ ቁራጩን አነሣሁት፤ ከዚያ በጣቴ እየገፋሁ አጎላሁት። ሦስት ወንዶች ቅጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጥምጥም አድርገዋል፤ መሐለኛው ረጅም ዱላ ይዟል። ጋሼ ስልኬን ከነእጄ ይዘው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። «እሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አቋቋሙ ነው። ወላሂ አሁንም ፊቱን ከጡቡ አዙሯል።» ከእኔ ተቀብለው ስልኩን ለእታለም አሳዩአት፤ እሷም ደስ ይበልህ አለቻቸው። ከልቧ ነው ያለችው፤ ግን ዓይኗ ሦስቱ ወንዶች ላይ ብዙ አልቆየም።

«ይቺስ?» አለች።

ከወንዶቹ ራቅ ብሎ፣ ከወይራው ግንድ ሥር፣ አንድ ሌላ ጥቁር ነገር አለ። አጎላሁት። ነጠላ የተከናነበች ሴት መሬት ተቀምጣለች። ረጅም እግሯን ወደ ጎን ዘርግታለች፤ ከጭኗ ላይ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«የጡብ ሠሪዎቹ ቤተሰብ ትሆናለች» አልኩ።

«ሴት ይዘው አልመጡም» አሉ ጋሼ። «ደግሞ አንገቷን እዪው፤ ማተብ አይደል?»

ማተብ ነው። ቄሰ ገበዙ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩ። «ክርስቲያንማ ከሆነች» አሉ፣ ትምህርት በሚሰጡበት ድምፅ፣ «በዚያ ታላቅ ቀን ውጭ ምን ያስቀምጣታል? በሩ እዚህ፣ ሴቶቹ ሁሉ ውስጥ። አራስ ካልሆነች በቀር…»

እዚያ ላይ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን እስኪሞላት፣ ልጇም ክርስትና እስክትነሣ፣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ይኼን የማያውቅ ክርስቲያን በአምባሰል የለም። ቄሰ ገበዙ በየሳምንቱ ሕፃናት የሚያጠምቁ ሰው ናቸው። እኔ ሁለት ሴት ልጆች ወልጄ፣ ሁለት ጊዜ ሰማንያ ሰማንያ ቀን ከቅጥር ውጭ ቆሜ የቅዳሴ ድምፅ በጆሮዬ ብቻ የሰማሁ ሴት ነኝ። እታለም ደግሞ ቅዳሴ ቤቷ በተከበረ በሳምንቱ ክርስትና ተነሣሁ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ የፎከረች። ሳምንት ቀርቷት የነበረች እናት ያን ቀን የት ልትሆን እንደምትችል ሦስታችንም ተኝተን ብንጠየቅ መመለስ እንችል ነበር። ግን ሦስታችንም የፈለግናት ከውስጥ ነው። ያገኘናት ውጭ ውጭውን ሲፈልጉ በነበሩት በጋሼ ሰበብ ነው።

«መጥታለች» አለች እታለም።

«መጥታለች» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አራስ ሆና ይኼን ዳገት ወጥታ መጥታለች።» ይኼን ያለችው ለእኛ አልነበረም። ከሞተች ስንት ዘመን ለሆናት ለእንጀራ እናቷ ነበር።

ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የእናቷን ፊት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። የምፈራው ይኼን ነበር። የቻልኩትን ያህል አጎላሁት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ነጠብጣብ ይለወጣል። ሴትዮዋ አጎንብሳለች። የሚታየው ነጠላዋ፣ ትንሽ ግንባሯ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ነው። ሌላው ሁሉ ጥላ ነው፤ እኔ ብሆን አጥቤ የማወጣው ፊት እዚያ ውስጥ የለም።

«ቀና አትልም?» አለች እታለም።

«አትልም እታለም።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ያ አዲሱ ዓይኗ ምን ያህል እንዳየላት አላውቅም። 

«ሁሉም ፎቶ አንሺውን ሲያይ» አለች በመጨረሻ፣ «እሷ እኔን ታያለች።»

ቁራጩ የደብሩ ንብረት ስለሆነ ቄሰ ገበዙ ሊሰጧት አልቻሉም፤ እሷም አልጠየቀችም። ዳዊታቸው ውስጥ መልሰው አደረጉት። የትኛው መዝሙር ላይ እንዳደረጉት ግን አሳዩአት፤ ከዚያም ወዲህ ገጹን ሲገልጡ ያነሡትና መልሰው እዚያው ያደርጉታል ይባላል። እኔ ፎቶውንና ቁራጩን በየተራ በስልኬ አንሥቼ ተመለስኩ። ሐይቅ እንደገባን ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ እታለም ከኋላዬ ቆመች።

«ምንም እንዳታጥቢ» አለችኝ።

«የዝንብ ኩሱንስ?»

«እሱንም።»

ባነሩ ለንግሧ ደረሰ። ጋሼ ጠርዙን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፉት፤ በወይራው በኩል ደግሞ ሦስት ጊዜ። የደቡቡ በር ላይ ሲሰቀል ከዚያ በፊት የጠፉት እጥፋቶች፣ እድፎች፣ የመቀሱ መስመርም ጭምር ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ሰው በቆመበት እያንጋጠጠ አያቱን ይፈልጋል። የመብረቁን ነገር ቄሰ ገበዙ ከጋሼ እውነቱን ሰምተው ስለነበር በስብከታቸው ሳያነሡት አለፉ፤ ጋሼ ከቅጥሩ ውጭ ሆነው ጥርሳቸውን ሳይሸፍኑ ሳቁ።

እታለም የክት ቀሚሷን ለብሳ ባነሩ ሥር ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ነበር። አንዲት የመንደራችን ሴት ባነሩን አይታ አይታ ወደ እኔ መጣች። ጎበዝ ናት ሲባል ሰምታ በሩቁ የምታውቀኝ ናት፤ ቅር ያላት ትመስላለች።

«ይኼን ሁሉ ሠርተሽ» አለችኝ፣ ወደ ወይራው ሥር እያመለከተች፣ «ያን ጥቁር ነገር እንዴት ሳታጠፊው ቀረሽ?»

እኔ መልስ ስፈልግ እታለም ከወንበሯ ሳትነሣ ቀና አለች።

«እሱማ» አለቻት፣ «እኔ ነኝ።»